የኦቦ ጃለታ አንገት

የኦቦ ጃለታ አንገት ጠዋት ወደ ቀኝ አይዞርም፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ግራ አይዞርም። እንዲህ ያለ በሽታ በጤና ጣቢያም በፀበልም ተሰምቶ አይታወቅም። ጠዋት በሚኒባስ ወደ ሱሉልታ ከተማ ሲወርዱ ዩኒቨርሲቲው በቀኝ በኩል ይመጣል፤ ያን ጊዜ አንገታቸው ግራ ግራውን ብቻ ያያል። ከሰዓት ሲመለሱ ዩኒቨርሲቲው በግራ ነው፤ ሕመሙም ወገኑን ይቀይራል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አጸደ በመጀመሪያው ሰሞን እውነት መስሏቸው ማታ ማታ በቅቤ ያሹላቸው ነበር። ነገሩ ሲገባቸው ግን ቅቤ ተወደደ ብለው ተዉት። አልዋሹም፤ ቅቤ በእርግጥም ተወዷል።

ዩኒቨርሲቲው የቆመው በእሳቸው መሬት ላይ ነው። ሁሉም የእሳቸው ነበር ማለት አይደለም፤ የጎረቤቶቻቸውም አለበት፤ ዋናው በርና ከበሩ ጀርባ ያለው ጉብታ ግን የኦቦ ጃለታ ነበር። ጉብታው በኦሮምኛ ቱሉ ዳዲ፣ የዳዲ ጉብታ፣ ይባላል፤ ዳዲ አባታቸው ናቸው። ሚኒባስ እንዲህ ሳይበዛ የቻንቾ አውቶቡስ ረዳት «ቱሉ ዳዲ ወራጅ!» እያለ ይጮህ ነበር። ከዚያ ለልማት ተባለ፣ ስብሰባ ተጠራ፣ ካሳ ተሰጠ፤ ኦቦ ጃለታም ከአጥሩ ማዶ ራቅ ብሎ ባለው መንደር የቆርቆሮ ቤት ሠርተው ገቡ። ቤቱ ሦስት ክፍል፣ አንድ ሶፋና ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቴሌቪዥን አለው፤ አንድም ቀን ግን ቤቴ ብለውት አያውቁም፤ «የምናድርበት» ነው የሚሉት። አሁን ረዳቱ የሚጮኸው «ዩኒቨርሲቲ! ዩኒቨርሲቲ!» እያለ ነው። ሌላው ጉድ ደግሞ ልጃቸው ጂቱ ናት። መሬቱ ሲሄድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ጂቱ ተምራ ተምራ ዶክተር ሆነች፤ ውጭ አገርም ደርሳ ተመለሰች፤ ሥራ ያዘች የተባለውም እዚያው አጥር ውስጥ ነው። ሰው «ልጅዎ ምን ትሠራለች?» ሲላቸው «ታስተምራለች» ይላሉ። «የት?» ሲባሉ አንገታቸውን ያማቸዋል።

ጂቱ የምትኖረው በግቢው ውስጥ ለመምህራን በተሠራው ሕንጻ ነው፤ እሁድ እሁድ ዘይትና ሙዝ ይዛ ወላጆቿ ጋ ትመጣለች። ከአባቷ ጋር ስለ ዶሮዎቹ ይጫወታሉ፤ መብራት ስንቴ እንደጠፋ፣ ሽንኩርት ስንት እንደገባ፣ የጎረቤት ላም መውለዷን ያወራሉ። ከዚያ ወሬው ያልቅና ሁለቱም ቴሌቪዥኑን ያያሉ። ምን እንደምትሠራ አይጠይቋትም፤ እሷም አትነግራቸውም። ወይዘሮ አጸደ ማድ ቤት ሆነው ያን ዝምታ ይሰሙታል፤ ከጭቅጭቅ የከፋ ዝምታ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ገና ሥራ የያዘች ሰሞን፣ ኦቦ ጃለታ «መሬታችንን ከበሉት ጋር አብራ ቆረሰች» ብለው ሲያጉረመርሙ ጂቱ በሩ ላይ ነበረች። ሰምታለች። እንዳልሰማ ሆና ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ስትፈታ ቆየች።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ስልክ ተደወለ። ደዋዩ ያቤጽ የሚባል የዩኒቨርሲቲው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነው። አዲስ የምርምር ማዕከል ይመረቃል፤ ከየአገሩ እንግዶች ይመጣሉ፤ ዝግጅቱም በአገር ሽማግሌ ምርቃት ይዘጋል። ሽማግሌ ማን ይሻላል ብሎ ቀበሌ ቢጠይቅ ሁሉም በአንድ አፍ «ኦቦ ጃለታ» አሉት። እውነታቸውን ነው። በአካባቢው ሠርግ ሲሆን፣ አዲስ ቤት ሲገባ፣ ልጅ ለትምህርት ሲሄድ የሚመርቁት እሳቸው ናቸው፤ ምርቃታቸው ይደርሳል ይባላል። ያቤጽ ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ የሚሠራ ሰው ስለሆነ የመሬቱን ነገር አያውቅም፤ የቀበሌ ሰዎችም አልነገሩትም። ማዕከሉ የጂቱ የሥራ ቦታ መሆኑን ኦቦ ጃለታ የሰሙት እንኳ ከእሱ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ሕግ ተጋጨባቸው። ምርቃት የተለመነ ሽማግሌ እምቢ አይልም፤ እምቢ ካለ የተዘረጋ እጅ ባዶውን እንደመለሰ ይቆጠራል። ቂም የያዘ ሽማግሌ ደግሞ አይመርቅም፤ አፉ እየመረቀ ሆዱ ከረገመ የሚሰማው ሆዱ ነው፤ እርግማኑም የሚያርፈው በተመረቀው ላይ ነው። አባታቸው ዳዲ ያስተማሯቸው እንዲህ ነው። የሚመረቀው ደግሞ የጂቱ ቤት ነው። ኦቦ ጃለታ «እሺ» ብለው ስልኩን ዘጉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ሱሪያቸውን ለበሱ፣ ጋቢያቸውን ደረቡ፣ የክብር ቀን በትራቸውን ከበሩ ጀርባ አወጡ። ወይዘሮ አጸደ አዲሱን ነጠላ ለብሰው ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር።

«ቂምህን ምን ልታደርገው ነው?» አሏቸው።

«ተይኝ።»

«ልጅቷ ላይ እንዳታራግፈው ብዬ ነው።»

«ተይኝ አልኩ፣ አንቺ ሴትዮ!»

መንገድ ዳር ወጥተው ሚኒባስ ያዙ። ኦቦ ጃለታ እንደ ልማዳቸው ከሾፌሩ ጀርባ በግራ በኩል ተቀመጡ። ታሪፍ ለምን ተጨመረ በሚል ረዳቱና አንዲት ጎመን የያዘች ሴት እየተከራከሩ ነው። ሌላው ተሳፋሪ ስለ ቤት ኪራይ ያወራል፤ ዩኒቨርሲቲው ከሰፋ ወዲህ አንድ ክፍል ቤት ለማግኘት ደላላ መለማመጥ እንደሚያስፈልግ፣ የድሮ የከብት በረት ሳይቀር ቀለም ተቀብቶ ለተማሪ እንደተከራየ ይናገራል። ከኋላ ወንበር ሁለት ተማሪዎች አሉ፤ አንደኛዋ ቢጫ ሻርፕ ጠምጥማለች፤ ጓደኛዋ ኢየሩስ ትላታለች። አጥሩ በቀኝ በኩል መታየት ሲጀምር ኢየሩስ መስኮቱን በእጅጌዋ ወለወለችና «አቦ፣ ሲያምር! እኮ እዚህ በፊት ምንም አልነበረም አሉ። ባዶ ሜዳ! እስቲ አሁን እዪው» አለች። ክፋት የለባትም፤ ድምጿ ውስጥ ያለው አድናቆት ብቻ ነው። ኦቦ ጃለታ ግን በትራቸውን ጨበጥ አደረጉት። ምንም! የወለዱበት ጎጆ፣ ገብሱ፣ ጎተራው፣ በስማቸው ሲጠሯቸው ቀና የሚሉ ላሞች፣ አጸደ ሙሽራ ሆና የገባችበት ደጃፍ፣ ይህ ሁሉ ምንም ሆነ። ዞረው ሊናገሯት ፈለጉ፤ ግን ይህን ለማን ለማን ተናግረው ይዘልቁታል? ወይዘሮ አጸደ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረጉላቸው። «ዩኒቨርሲቲ ወራጅ!» አለ ረዳቱ።

በሩ ላይ ያቤጽ ሱፉን ለብሶ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ እየጠበቃቸው ነበር። «አካም ቡልተኒ፣ አባታችን!» አለ፤ ለዛሬ ብሎ ያጠናት ሰላምታ ሳትሆን አትቀርም፤ ኦቦ ጃለታ ወደዱለት። ከዚያ ምርቃቱ ሁለት ደቂቃ እንደተመደበለት በትሕትና ነገራቸውና በላስቲክ የተጠቀለለ አበባ አስታቀፋቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሲመርቁ የሚይዙት ነው፣ አባታችን። ለካሜራም ያምራል።»

«ልጄ፣ በላስቲክ አይመረቅም። እርጥብ ሳር ነው የሚያዘው።»

ያቤጽ ዙሪያውን ቃኘ። ሳርማ ሞልቷል፤ ግን በየሜዳው ጥግ «ሳሩን መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ቆሟል፤ ያን ሰሌዳ ያስተከለው ደግሞ የእሱው ቢሮ ነው። ግንባሩን አሸት አሸት አድርጎ «አንድ ነገር እናደርጋለን» አለና ስልክ ሊደውል ፈንጠር አለ። ኦቦ ጃለታ አበባውን ለሚስታቸው ሰጥተው ቀና አሉ፤ ያን ጊዜ ነው ጉዱ የመጣው። ከአጥሩ ውጪ ሲሆኑ አንገት የሚዞርበት ሌላ ወገን አለው። እዚህ ግን በቀኝም በግራም በፊትም ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ወዴት ይዙሩ? ሳይወዱ አዩ። መጀመሪያ ሲከፈት የቆርቆሮ መማሪያ ክፍሎች እንደነበሩ ያውቃሉ፤ ከሩቅ ሲያብረቀርቁ አይተው «መጋዘን ነው» ብለው ነበር። አሁን ፎቅ ከፎቅ ጋር በመስታወት ድልድይ ተያይዟል። ጣሪያው ሁሉ ፀሐይ በሚሰበስብ መስታወት ተሸፍኗል። የከብት ክትባት የሚሠራበት ነው የተባለ ሕንጻ ደጃፍ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሱ ልጆች እየተሳሳቁ ይገባሉ ይወጣሉ፤ አንዷ በኦሮምኛ፣ አንዱ በትግርኛ፣ ሌሎቹ ኦቦ ጃለታ ሰምተውት በማያውቁት ቋንቋ ይጫወታሉ። ጥቁር ነጭ ሳይል የውጭ አገር ሰውም ከመካከላቸው አለ። አገር ሙሉ ሰው ሊማር እዚህ ጉብታ ላይ ወጥቷል። ኦቦ ጃለታ አፋቸው ተከፍቶ ነበር፤ ሚስታቸው እንዳያዩባቸው ፈጥነው ገጠሙት። ወይዘሮ አጸደ አይተዋል።

ጂቱ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ከሕንጻው ወጣች። ስታልፍ አንድ ሽበታም ሰው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ዶክተር» አላት። ኦቦ ጃለታ ልጃቸውን እዚህ ቦታ ትልቅ ሆና ሲያዩዋት የመጀመሪያቸው ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ እዚህ ሲያዩዋት ጥጃ ታግድ ነበር። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ እናቷን አቅፋ ቆየች፤ ከዚያ «አባ፣ ሰዉ እስኪሰበሰብ አንድ ነገር ላሳይዎት» አለች። ድምጿ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። እምቢ ሊሉ አስበው ነበር፤ ድምጿን ሲሰሙ ተከተሏት።

ደጃፉ ላይ ጫማቸው ላይ የሚጠለቅ ላስቲክ ተሰጣቸው። «ጫማ ለጫማ!» አሉ ወይዘሮ አጸደ። ወለሉ ፊት ያሳያል። ኮሪደሩን አልፈው አንዲት ቀዝቃዛ ክፍል ገቡ፤ ጥር ወር ላይ ንጋት ውጪ የቆመ ሰው የሚያውቀው ዓይነት ብርድ ነው። ግድግዳው ሙሉ ረጃጅም መሳቢያ ነው። ጂቱ አንዱን በሁለት እጇ ሳበችው። ውስጡ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ቱቦ አለ፤ በቱቦው ውስጥ አፈር።

«አፈር ነው» አሉ ኦቦ ጃለታ። ለዚህ ነው ወይ ያመጣሽኝ ለማለት የፈለጉ ይመስላሉ።

«አዎ። ሕንጻው ከመሠራቱ በፊት መሬቱን በመሰርሰሪያ ወግተን ያወጣነው ነው። የት እንደሚወጋ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ደጃችን ላይ የነበረውን ጥድ አልቆረጡትም፤ ከጥዱ ጀምሬ እያሰብኩ፣ በሩ እዚህ፣ መደቡ እዚህ እያልኩ ለካሁ።» እጇን የመሳቢያው ጠርዝ ላይ አሳረፈች። «ምድጃችን ነው፣ አባ።»

ጂቱ በብዕሯ ጫፍ እያመለከተች ከላይ ጀመረች። ከላይ ያለው ኮረት ግንበኞች የደፉት ነው። ከሥሩ ጣት የምታህል ግራጫ መስመር አለች። «ይቺ የእማ አመድ ናት» አለች። ወይዘሮ አጸደ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ከእሷ በታች እሳት ያቀላው አፈር፣ ከዚያ አመድ፣ እንደገና የቀላ አፈር፣ እንደገና አመድ፤ ኮረቱ ስንዝር ሳይሞላ አመዱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ይወርዳል። አንድ ትውልድ ከሌላው በላይ እሳት አንድዷል፤ ያም ትውልድ ከሌላው በላይ። ኦቦ ጃለታ የእናታቸውን መስመር ፈለጉ፤ የአያታቸውን ፈለጉ። መሬት ሁሉን ትበላለች ሲባል ነው የሚያውቁት፤ እንዲህ ሳታጎድል ታስቀምጣለች ብሎ የነገራቸው የለም።

ጂቱ ወደ ሌላ ክፍል ወሰደቻቸው፤ ግድግዳው ላይ ሰፊ ስክሪን አለ። አንድ ቁልፍ ስትነካ ስክሪኑ ላይ በግ የሚያህል ጥቁር ነገር ተጋድሞ ታየ፤ መሐሉ ላይ ቦይ አለው፣ ጫፉ ሹል ነው።

«ገብስ!» አሉ ኦቦ ጃለታ፤ ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው።

«ገብስ ነው። ከአመዱ ከታችኛው ክፍል ያገኘነው። አንዲት ፍሬ ናት፤ ይሄ መሣሪያ ነው እንዲህ የሚያገዝፋት። አንዲት ሴት ቆሎ ስትቆላ ፍሬዋ ተፈናጥራ እሳት ውስጥ ገባች፤ ከሰለች፤ የከሰለ ነገር ደግሞ አይበሰብስም። እዚያ ማዶ ያለው አዲሱ ማሽን መቼ እንደከሰለች ይለካል። ዛሬ የሚመረቀው እሱ ነው። በአገራችን እንዲህ ያለ አልነበረም፤ ሁሉ ነገር ባሕር ማዶ እየተላከ ነበር የሚለካው። መጀመሪያ የለካው ይቺን ፍሬ ነው። ሦስት መቶ ዓመት ግድም ይሆናታል።»

ኦቦ ጃለታ ግድግዳውን ተደግፈው ጣታቸውን መቁጠር ጀመሩ። ልጅ ሆነው አባታቸው ያስጠኗቸውን የዘር ሐረግ ነው የሚቆጥሩት፦ ጃለታ፣ ዳዲ፣ ጉተማ፣ ቱፋ፣ ዋሚ፣ እያሉ ወደ ላይ ወጡ፤ ጣታቸው አልቆ ስማቸውም አለቀ። መጨረሻ ላይ ያለው ስም ኩምሳ ነው። ከኩምሳ በላይ አያውቁም።

«የኩምሳ ቤት ናት» አሉ በሹክሹክታ። «ይቺን የቆላችው የኩምሳ ሚስት ናት።»

«ማሽኑ ስም አያውቅም፣ አባ። ዘመኑ ግን ይሄው ነው።»

«ስሟ ማን ይባላል?» አሉ ወይዘሮ አጸደ።

ኦቦ ጃለታ ዞሩ። «የማን?»

«የቆላችዋ ነዋ። አሥር ወንድ ቆጠርክ፤ እዚህ የቀረው የማን እጅ ነው? የሴት። ስሟን ግን አልያዛችሁትም፤ ምንም እንዳልነበረች።»

ያቺ «ምንም» የምትለው ቃል ኦቦ ጃለታን ለሁለተኛ ጊዜ በዚያ ቀን መታቻቸው፤ አሁን ግን ከራሳቸው ቤት። እንደገና ስክሪኑን ተመለከቱ። እንባቸው መጣ፤ ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው አላነሡም። በሕይወታቸው ብዙ ነገር አስደንቋቸዋል፤ ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ ሲባልም ሰምተው «ይሁን» ብለው አልፈዋል። ከአንድ እሳት የተፈናጠረች ፍሬ ሦስት መቶ ዓመት ጠብቃ ልጃቸው እጅ ትገባለች ብለው ግን በሕልማቸውም አላሰቡም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሏት በመጨረሻ።

«እርግጠኛ ሳልሆን ብነግርዎት ማጽናኛ ይመስል ነበር። ውጭ ልኬም ማስለካት እችል ነበር፤ ግን ከዚሁ ቤት እንዲወጣ ፈለግኩ። ቦታውን የወሰደው ይሄ ቤት ነው፤ እሱው ይናገር ብዬ ነው።» ቀጥላ ቀስ ብላ «ደግሞ አልጠየቁኝም» አለች።

እውነት ነው፤ አልጠየቋትም። ሲወጡ ያን አፈር ሌላ አገር ያሉ አጥኚዎች ምን ብለው እንደሚጠሩት ነገረቻቸው። «ዳዲ ይሉታል። እንዲህ ያለ ናሙና በተገኘበት ቦታ ስም ነው የሚጠራው፤ ጃፓንም ሆነ ጀርመን ዳዲ ነው የሚባለው።» የአባታቸው ስም ከአውቶቡስ ረዳት አፍ ወጥቶ ስንት ባሕር እንደተሻገረ ኦቦ ጃለታ በልባቸው ሊለኩት ሞከሩ፤ አልቻሉም። በሩ ላይ ጂቱ ከጥዱ ሥር «መርገጥ ክልክል ነው» ከሚለው ሰሌዳ አልፋ ገባችና አንድ ጭብጥ እርጥብ ሳር ነጭታ አመጣችላቸው። ያቤጽ ስልኩን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ፊቱን አዞረ።

ቂማቸው ግን አልሄደም። እንደተነቃነቀ ጥርስ ላላ እንጂ ከቦታው አልተነቀለም። ድንኳኑ ውስጥ በፊተኛው ረድፍ አስቀመጧቸው፤ ሳሩን ጉልበታቸው ላይ ይዘው፣ በጂቱ ቤት ላይ ምን እንደሚያወርዱ እየፈሩ ተቀመጡ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት፣ ቀጠን ያሉ ትሑት ሰው፣ ንግግራቸውን አነበቡ። ከቆርቆሮ ክፍሎች ተነሥቶ ዛሬ የደረሱበትን ተናገሩ፤ በዓለም የተነበቡ ጥናቶችን፣ ለዶክትሬት የበቁ ልጆችን፣ ገበሬው ጋ የደረሰውን የከብት ክትባት፣ ከጎረቤት አገሮች ጭምር ናሙና የሚቀበለውን አዲሱን ማሽን። ሰው አጨበጨበ፤ ኦቦ ጃለታም አጨበጨቡ፤ የሚያስጨበጭብ ነገር ስለሆነ ነው። ፕሬዚዳንቱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ይህ ሁሉ የተገኘው ምንም ባልነበረበት ባዶ ሜዳ ላይ ነው!» ብለው ዘጉ። ጭብጨባው ደመቀ። በኋላ በኩል ቆማ የነበረችው ጂቱ ብቻ እጆቿን አላነሣችም። ያቤጽ «አሁን አባታችን ይመርቁናል» አለ።

ኦቦ ጃለታ ተነሡ። ሰዉ ሁሉ ቆሞ መዳፉን ዘረጋ። ሳሩን ከፍ አደረጉ፤ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃል አልወጣም። ያቤጽ ሰዓቱን አየ። ሽማግሌው የተነሣችውን እጃቸውን መልሰው አወረዷት።

«በእኛ ዘንድ ቂም የያዘ አይመርቅም» አሉ። «እኔ ይዣለሁ። ተናግሬ ላውርደውና ልመርቃችሁ።»

ካሜራ የያዙት ሰዎች ቀና አሉ።

«ይሄ የቆማችሁበት ቱሉ ዳዲ ይባላል። ዳዲ አባቴ ነው። እኔ እዚህ ተወልጃለሁ፤ ሚስቴን እዚህ አግብቻለሁ። ይሄ ቤት ሲሠራ ተቀየምኩ፤ እስከ ዛሬ ዓይኔን ነሣሁት። ዛሬ ገብቼ አየሁ። የሚያኮራ ነው፤ ውሸት አልናገርም፤ ልቤ ነው የቆመው። መሬቱን መልሱ አልልም፤ እኔ ባርሰው ኖሮ እንዲህ ያለ ገብስ አላጭድበትም ነበር። ግን ልጆቼ፣ ምንም አልነበረም አትበሉ። ምድጃ ነበረ። ከልጅ ልጅ የነደደ እሳት ነበረ፤ እናንተው አውጥታችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣችሁታል። ቆሎ የምትቆላ ሴት ነበረች፤ ስሟን እኔም አልያዝኩላትም፤ እሷንም ይቅርታ እላታለሁ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ስጡኝ። ነበረ በሉ።»

ፕሬዚዳንቱ ያነበቡትን ወረቀት ይዘው ቆመዋል፤ ፊታቸው ቀልቷል። ኦቦ ጃለታ ያን ጊዜ ፈሩ፤ ካላሉ ምን ሊሆን ነው? ሳሩን ይዘው ሊመለሱ ነው፤ የጂቱ ቤት ሳይመረቅ ሊቀር ነው። ከኋላ አንዲት የሴት ድምፅ «ነበረ» አለች። ድምጿን ያውቁታል፤ ጥጃ ስትጣራ የሰሙት ድምፅ ነው። ከዚያ ቢጫ ሻርፕ የጠመጠመችው ኢየሩስ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ነበረ» አለች። ተማሪዎቹ ተከተሉ። ፕሬዚዳንቱ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፣ ከመድረኩ ወርደው ሽማግሌው ፊት ዝቅ አሉና ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ። «ነበረ፣ አባታችን። ይቅር ይበሉን» አሉ። ትርጉሙ ዘግይቶ የደረሳቸው የውጭ እንግዶች እንኳ እየተንተባተቡ «ነበረ» አሉ።

ኦቦ ጃለታ ሳሩን ከፍ አደረጉ። አሁን ቃሉ ራሱ መጣ። «ይህ ቤት ይሙላ! የገባበት ይወቅ፣ ያወቀ ያሳውቅ! እሳታችሁ አይጥፋ! ከእናንተ በኋላ የሚመጡት ምንም አልነበሩም አይበሏችሁ!» እያሉ መረቁ፤ ሕዝቡም በየመሐሉ «ሃ ታኡ! ሃ ታኡ! ይሁን!» አለ። የተመደበው ሁለት ደቂቃ ካለቀ ቆይቷል፤ ያቤጽ ሰዓቱን መመልከት ትቶ መዳፉን ዘርግቶ ነበር። ሲጨርሱ ሳሩን ወስደው ጂቱ ጭንቅላት ላይ አስቀመጡላት፤ «እሁድ ስትመጪ ስለ ማሽኑ በደንብ ታጫውቺኛለሽ» አሏት። ጂቱ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ባልና ሚስት በሩ ላይ ሚኒባስ ያዙ። ወይዘሮ አጸደ እንደ ልማዳቸው በግራ በኩል ወዳለው መስኮት ሊገቡ ሲሉ ኦቦ ጃለታ «ቆይ፣ እኔ ልግባ» ብለው ቀደሟቸው። መኪናው ተነሣ። አጥሩ ረጅም ነው፤ ጣሪያዎቹ ላይ ፀሐይ አርፋባቸዋለች፤ ጥዱ ከፎቆቹ መሐል ጫፉን አውጥቶ ይታያል። ወይዘሮ አጸደ የባላቸውን ማጅራት ከኋላ ሲያዩ ቆዩና በሁለት ጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ይሄ አንገትህ ተሻለው እንዴ?»

«ዝም በይ፣ ልይበት» አሉ ኦቦ ጃለታ፤ አጥሩ እስኪያልቅ ፊታቸውን አላዞሩም።